የሚመች የስፖርት ጫማ አመራረጥ፦ እግር ከመለካት እስከ ክር ማሰር

ጫማ ስትሞክሩ አውራ ጣታችሁ ከተጨነቀና ሻጩ «ግድ የለም፣ ሲለበስ ይለቃል» ካላችሁ አውልቁና መልሱ። አባባሉ የመጣው ከቆዳ ጫማ ነው። ቆዳ በእግር ሙቀትና ላብ ትንሽ ይለጠጣል፣ እየቆየም የእግርን ቅርጽ ይይዛል። የዛሬው የስፖርት ጫማ ግን አብዛኛው ከናይለንና ከፖሊስተር ጨርቅ የተሠራ ነው፤ እላዩ ላይ ደግሞ ቅርጹን እንዳይለቅ ፕላስቲክ ይለጠፍበታል። ስፖንጁ ይረግብ ይሆናል፣ ጨርቁም ትንሽ ይላላ ይሆናል። ርዝመቱ ግን አይጨምርም። በመጀመሪያው ቀን ያልተመቸ የስፖርት ጫማ አይገዛም፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንን እንዴት እንደምታረጋግጡ ነው።

ጠባብ ጫማ የሚያመጣውን ጣጣ የሚሮጥ ሰው ያውቀዋል። ጥፍር ይጠቁራል፣ ከዚያ ይነቀላል። ትንሿ ጣት ትላጣለች። ረጅም መንገድ ሲኬድ ጣቶች ይደነዝዛሉ። ሰፊ ጫማ መግዛትም መፍትሔ አይደለም፤ እግር ውስጡ እየተንሸራተተ ተረከዝ ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ ጣቶችም ጫማው እንዳያመልጣቸው ወለሉን ሲቧጥጡ ይውላሉ።

ደረጃ 1፦ ጫማው ለምን እንደሆነ ለዩ

ሩጫ ወደፊት ብቻ የሚኬድበት ነው። ስለዚህ የሩጫ ጫማ ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ፣ ላዩ ቀላልና አየር የሚያስገባ ይሆናል። ቴኒስ፣ ቅርጫት ኳስና መረብ ኳስ ግን ወደ ጎን መወርወር፣ ድንገት መቆምና መዞር አለባቸው። ወፍራምና ለስላሳ ሶል ባለው የሩጫ ጫማ ቴኒስ የሚጫወት ሰው ወደ ጎን በሄደ ቁጥር እግሩ በሶሉ ጠርዝ በኩል ሊያመልጠው ይሞክራል፤ ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው እንዲህ ነው። የእነዚህ ስፖርቶች ጫማ ጎኑ ጠንከር፣ ሶሉ ወደ መሬት ቀረብ ያለ ነው።

ለክብደት ማንሳት ለስላሳ ስፖንጅ አይሆንም። ከባድ ብረት ይዛችሁ ለስላሳ ነገር ላይ ስትቆሙ እግር ይዋልላል፤ ደረቅ ሶል ይሻላል። ለድንጋያማና ለጭቃ መንገድ ጥርስ ያለው ሶል። ለእግር ጉዞ ብቻ ከሆነ የሩጫ ጫማ በደንብ ይሠራል፣ የተለየ ፍለጋ አያስፈልግም።

አንድ ጫማ ለሁሉም ነገር የምትፈልጉ ከሆነ ብዙ ሰዓት የምታሳልፉበትን እንቅስቃሴ ተከተሉ። በብዛት የምትሮጡ ከሆነ የሩጫ ግዙ። ጂም ውስጥ ሁሉንም የምትቀላቅሉ ከሆነ ደግሞ ሶሉ ዝቅ ያለ፣ ጠንከር የሚል የልምምድ ጫማ ይሻላችኋል።

ደረጃ 2፦ ሁለቱንም እግር ለኩ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። «ቁጥሬን አውቀዋለሁ» ይላል። የሚያውቀው ግን ከብዙ ዓመት በፊት የገዛውን ጫማ ቁጥር ነው። እግር በአዋቂነትም ይለወጣል፦ ዕድሜ ሲጨምር ጅማቶች ይላላሉ፣ እግርም ይሰፋል፣ ይረዝማል። ክብደት ሲጨምርም እንዲሁ። በእርግዝና ጊዜ የሰፋ እግር ደግሞ ከወሊድ በኋላ ወደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል።

ጠዋት አትለኩ። ቀኑን ሙሉ ቆሞና ተራምዶ የዋለ እግር ያብጣል፤ ሩጫም ያሳብጠዋል። ጠዋት ልክክ ያለ ጫማ ልምምድ መሃል ላይ ጠባብ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ማስመሪያ ብቻ ነው። ወረቀቱን ምንጣፍ የሌለበት ወለል ላይ ግድግዳ ሥር አንጥፉ። ለስፖርት የምታደርጉትን ካልሲ አድርጉ። ተረከዛችሁን ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ክብደታችሁን በሁለቱም እግር እኩል አሳርፉ። ተቀምጦ የተለካ እግር አጥሮ ይወጣል፤ ክብደት ሲያርፍበት ነው ጎድጓዳው የውስጥ እግር ረገብ ብሎ እግሩ የሚረዝመውና የሚሰፋው። ምልክቱን ሌላ ሰው ያድርግላችሁ፤ ራሳችሁ ጎንበስ ስትሉ ክብደታችሁ ይዛወርና ልኬቱ ይዛባል። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ወደ እግር ሥር ከተጋደመ እግራችሁን ያሳጥርባችኋል።

ምልክቱ የሚደረገው በረጅሙ ጣት ጫፍ ላይ ነው። ረጅሙ ጣት የግድ አውራ ጣት አይደለም። ካልሲያችሁን አውልቃችሁ እዩ፤ ብዙ ሰው ላይ ሁለተኛዋ ጣት ከአውራው ታልፋለች፣ ባለቤቱ ግን ልብ ብሎት አያውቅም። ከዚያ ስፋቱን ለኩ፦ ከአውራ ጣት ሥር በኩል የወጣው አጥንት ጋና ከትንሿ ጣት ሥር ያለው አጥንት ጋ ምልክት አድርጋችሁ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ጻፉ።

አሁን ሌላውን እግር። ሁለት እግሩ በትክክል እኩል የሆነ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ጫማ የሚገዛው ለትልቁ እግር ነው። ለትንሹ እግር ቢሰፋ ወፈር ያለ የውስጥ ንጣፍ ወይም ክር ጠበቅ ማድረግ ይበቃዋል፤ ለትልቁ ግን ቢጠብ ምንም ማድረግ አይቻልም።

አንዳንድ የጫማ መደብሮች የብረት እግር መለኪያ አላቸው። አሜሪካዊው ቻርለስ ብራኖክ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የሠራው ነው፣ ዛሬም ያው ነው። ካገኛችሁ ተጠቀሙበት፤ ከርዝመትና ከስፋት ሌላ ሦስተኛ ነገር ይለካል፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ሥር ያለው አጥንት ድረስ ያለውን ርቀት። ይህ ለምን ይጠቅማል? እግራቸው እኩል 26 ሴንቲሜትር የሆነ ሁለት ሰዎች አንዱ አጫጭር፣ ሌላው ረጃጅም ጣቶች ሊኖሩት ይችላሉ። እግር የሚታጠፈው ከጣቶቹ ሥር ነው። ጫማውም የሚታጠፍበት የራሱ ቦታ አለው። ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ርዝመቱ ልክ ሆኖ እንኳን ጫማው ይቆረቁራል፣ ምክንያቱም ግራ ያጋባል።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን አስሉ፣ ግን እንደ መነሻ ብቻ ያዙት

የአውሮፓ ቁጥር የሚቆጠረው በ2/3 ሴንቲሜትር ነው። ከ41 ወደ 42 ስትሄዱ ጫማው የሚረዝመው 6.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ ቁጥር ደግሞ በ1/3 ኢንች ይሄዳል፤ አንድ ሙሉ ቁጥር 8.5 ሚሊሜትር ገደማ፣ ግማሹ 4.2። ሁለቱ አቆጣጠሮች ተገጣጥመው አያውቁም። አዲዳስ ጫማ ላይ 42 ከ2/3 የሚል ቁጥር የምታዩትም ለዚህ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የትልቁ እግራችሁ ርዝመት 26.4 ሴንቲሜትር ሆነ እንበል። 1.5 ሴንቲሜትር ጨምሩበት፦ ከዚህ ውስጥ አንዱ ሴንቲሜትር ጣት የሚንቀሳቀስበት ነው፣ የቀረው የጫማው አፍንጫ እየጠበበ ሲሄድ የሚበላው ነው። 27.9 ይሆናል። በ1.5 አባዙት። 41.85 ይመጣል፣ ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ከ42 ነው፤ 41.5ና 42.5ም አብረው ይሞከራሉ።

ለምን መነሻ ብቻ? እያንዳንዱ ኩባንያ ጫማውን የሚወጥርበት የራሱ ፎርማ፣ ማለትም በእግር ቅርጽ የተሠራ መወጠሪያ አለው። የአንዱ ፎርማ ጠባብ ነው፣ የሌላው ወፍራም። አንድ ኩባንያ እንኳን ለሩጫና ለቅርጫት ኳስ የተለያየ ፎርማ ይጠቀማል፣ ያው ሞዴል በአዲሱ ዓመት ሲወጣም ሊለወጥ ይችላል። ከአንዱ ጫማ 42 ሆኖ ከሌላው 43 ከሆነባችሁ እግራችሁ ምንም አልሆነም። 43ቱን ግዙ። ቁጥሩን ማንም አያየውም፣ እግራችሁ ግን ቀኑን ሙሉ ውስጡ ነው።

የአሜሪካ ቁጥር ስታዩ ደግሞ የሴትና የወንድ የተለያየ መሆኑን አትርሱ፤ ለአንድ ርዝመት የሴቱ በ1.5 ገደማ ይበልጣል።

ደረጃ 4፦ ስፋት ላይ ጊዜ ውሰዱ

ብዙ ሰው «ጫማ ጠበበኝ» ሲል የጠበበው በርዝመት ሳይሆን በስፋት ነው። ከዚያ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ይገዛል። ጎኑ ትንሽ ይለቀዋል፣ ነገር ግን ፊት ለፊቱ ሁለት ሴንቲሜትር ባዶ ይተርፋል፣ ተረከዙ ውልቅ ውልቅ ይላል፣ የጫማው መታጠፊያም ከእግሩ መታጠፊያ ፊት ይቀድማል። ጠባቡን በረጅሙ መቀየር ችግሩን ሌላ ቦታ መውሰድ ነው።

የስፋት ችግር በስፋት ነው የሚፈታው። በአሜሪካ አሰያየም መደበኛው የወንድ ስፋት ዲ፣ የሴት ቢ ይባላል። 2ኢና 4ኢ እያሉ የሚሄዱት ሰፋፊዎቹ ናቸው። ከጫማ አምራቾቹ ኒው ባላንስ አንድን ሞዴል በተለያየ ስፋት በማውጣት ይታወቃል፤ ብሩክስና አሲክስም ብዙ ሞዴሎቻቸው ሰፊ አማራጭ አላቸው። አልትራ ደግሞ ጫማውን ፊቱ ላይ እንደ እግር ቅርጽ ሰፋ አድርጎ ነው የሚሠራው። እግሯ ሰፊ የሆነ ሴት ወደ ወንዶቹ መደርደሪያም ትሂድ፤ በተመሳሳይ ርዝመት የወንዱ ሰፋ ይላል።

ስፋት መፈተሻው ይኸውላችሁ፣ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ጫማው ውስጥ የተነጠፈውን ስስ ስፖንጅ አውጡት፤ የብዙ የስፖርት ጫማ ንጣፍ ይወጣል። መሬት ላይ አድርጉትና ተረከዛችሁን ከኋላው ጠርዝ ጋር አስተካክላችሁ ቁሙበት። ክብደታችሁን ሙሉ በሙሉ ጫኑ። አሁን ወደ ታች እዩ። እግራችሁ ከስፖንጁ ጠርዝ በጎን ካለፈ ጫማው ውስጥ የሚሆነውም ያው ነው፤ ያ ያለፈው ሥጋ ጨርቁን እየገፋ ይኖራል። ትንሿ ጣት ሙሉ በሙሉ ከስፖንጁ ውጪ ከሆነች ያንን ጫማ እርሱት። ከረጅሙ ጣት ፊትም ትርፍ ስፖንጅ መታየት አለበት።

ከአውራ ጣታቸው ሥር አጥንት ወደ ጎን የወጣባቸው ሰዎች ደግሞ ጨርቁን ያስተውሉ። በዚያ ቦታ ላይ ስፌትም ሆነ የተለጠፈ ፕላስቲክ ያለበት ጫማ አይሆናቸውም፤ የሚለጠጥ ለስላሳ ሽመና ብቻ የሆነውን ይፈልጉ።

ከስፋት ሌላ ከፍታም አለ። የእግራቸው ጀርባ ከፍ ያለ ሰዎች ርዝመቱም ስፋቱም ልክ ሆኖ ክሩ ሲታሰር ይጨንቃቸዋል። ክሩን ስታስሩ ግራና ቀኝ ያሉት ቀዳዳዎች በጣም ከተራራቁ ጫማው ዝቅ ብሎባችኋል። ተጠጋግተው ሊነካኩ ከደረሱ ደግሞ ለእግራችሁ ትርፍ ቦታ አለው ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ሙከራው

ካልሲያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በስስ ካልሲ ተሞክሮ በወፍራም ካልሲ የሚለበስ ጫማ ሌላ ጫማ ነው። ካልሲው ራሱ ከጥጥ ባይሆን ይመረጣል፤ ጥጥ ላቡን ይዞ ይቆያል፣ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል።

ክሩን እስከ ታች ድረስ አላሉት። እግራችሁን አስገቡ፣ ከዚያ የጫማውን ተረከዝ መሬት ላይ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ፣ ተረከዛችሁ ወደ ኋላ ገብቶ ይቀመጥ። አሁን ከታች ወደ ላይ እየሳባችሁ እሰሩ። ሁለቱንም ጫማ አድርጉና ቁሙ። አንዱን ብቻ አድርጎ ተቀምጦ «ልክ ነው» ማለት ለገንዘባችሁ ጥሩ አይደለም።

ከረጅሙ ጣት ጫፍ እስከ ጫማው አፍንጫ አንድ የእጅ አውራ ጣት ጥፍር ስፋት፣ ማለትም ከ1 እስከ 1.2 ሴንቲሜትር ያህል ቦታ ይኑር። የፊቱን በእጅ ሲጫኑ እግር ሳይታወቀው ጣቶቹን ይሰበስባል፣ በተለይ የልጆች፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጣቶቻችሁን ዘርጉ፣ ከዚያ ይጫን። ጣቶቹን አንድ በአንድ ማወዛወዝ መቻል አለባችሁ። ጎን ለጎን ተጣብቀው ከሆነ ርዝመቱ ቢበቃም አልሆነም።

ቀጥሎ ተረከዝ። ደረጃ ካለ ውጡበት። ተረከዙ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጫማው የሚወጣ ከሆነ፣ ውሎ ሲያድር ውሃ መቋጠሩ አይቀርም። አዲስ ጫማ ገና ደረቅ ስለሆነ በጣም ትንሽ ንቅናቄ ቢኖር ችግር የለውም፤ መታሸት ከተሰማችሁ ግን ክሩን በደረጃ 7 እንደተነገረው አስራችሁ ድገሙት፣ ካልተሻሻለ ወደ ሌላ ሂዱ። የጫማው የኋላ ጠርዝ የተረከዝ ጅማታችሁን እንዳይቆረቁር፣ የጎኑ ጠርዝም የቁርጭምጭሚት አጥንታችሁን እንዳይነካ ልብ በሉ።

ከዚያ ቁልቁለት ነገር ፈልጉና ውረዱ። ጣቶች ፊቱን ከመቱ ጥፍራችሁ ይጠቁራል፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ተራመዱ፣ ከዚያ ቀለል አድርጋችሁ ሩጡ። ለቴኒስ ወይም ለቅርጫት ኳስ የምትገዙ ከሆነ ወደ ጎን ዝለሉ፣ ድንገት ቁሙ፣ እግር ውስጡ ሲንሸራተት ይሰማችሁ እንደሆነ ፈትሹ። ሰው ያየኛል ብላችሁ አትፈሩ። አሥር ደቂቃ ያህል አድርጋችሁት ቆዩ፤ አንዳንድ ቁርቆራ ራሱን የሚያሳየው እግር ሞቅ ሲል ነው። ስታወልቁ እግራችሁን እዩ። የቀላ ቦታ ካለ ጫማው የሚቆረቁረው እዚያ ነው። እጃችሁንም ጫማው ውስጥ አስገብታችሁ ዳስሱ፤ ሻካራ ስፌት፣ የደረቀ ማጣበቂያ ወይም የተጣጠፈ ጨርቅ በጣት ይገኛል።

በሁለት ጫማዎች መካከል ከተቸገራችሁ አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ እግር አድርጋችሁ ተራመዱ። ከዚያ ቀይሩ። ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፣ ብዙ ጊዜም የሚያሸንፈው በዓይን የማረካችሁ አይደለም።

ጫማውን በእጃችሁ ይዛችሁ እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ከጣቶች ሥር ባለው ሰፊ ቦታ ላይ ነው። መሃሉ ላይ እንደ ወረቀት ከታጠፈ ደካማ ነው። ሶላቸው በጣም ወፍራም የሆነ ወይም ሶላቸው ውስጥ ከካርቦን የተሠራ ስስና ጠንካራ ዝርግ ያለባቸው የሩጫ ጫማዎች ግን ሆን ተብሎ እንዳይታጠፉ ስለተሠሩ ይህ ፈተና ለእነሱ አይሠራም።

ደረጃ 6፦ የእግር ዓይነት፣ ድጋፍ፣ የሶል ከፍታ

እርጥብ እግራችሁን ወረቀት ላይ አሳርፋችሁ፣ አሻራው መሃሉ ላይ ካልጎደለ «ጠፍጣፋ እግር አለህ፣ ይህን ጫማ ግዛ» የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። ለብዙ ዓመታት ጫማ የተሸጠው በዚህ ነው። የአሜሪካ ጦር በምልምሎቹ ላይ ፈትኖታል፦ ለአንዱ ቡድን በውስጥ እግሩ ቅርጽ ተመርጦ ጫማ ተሰጠው፣ ለሌላው ሳይመረጥ አንድ ዓይነት ጫማ። እ.ኤ.አ. በ2009ና በ2010 የወጡት ጥናቶች እንዳሳዩት በጉዳት በኩል የሚረባ ልዩነት አልተገኘም። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲው ቤኖ ኒግና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ ሯጭ ጫማ ሲመርጥ ምቾትን መመሪያው ቢያደርግ ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ድጋፍ ያለው፣ ማለትም እግር ወደ ውስጥ እንዳያጋድል በውስጥ ጎኑ የጠነከረ ጫማ ከተመቻችሁ ግዙት፣ ካልተመቻችሁ እግራችሁ ጠፍጣፋ ስለሆነ ብቻ አትግዙት።

አንድ ትልቅ ማሳሰቢያ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ደንዝዞ ሊሆን ስለሚችል ጫማው ሲልጠው አይሰማውም። ለእሱ ምቾት መመሪያ አይሆንም፣ ጫማውን ከሐኪም ጋር ተማክሮ ይምረጥ፣ እግሩንም በየቀኑ ይይ። የቆየ የእግር ሕመም ያለበትም እንዲሁ ከጫማ በፊት ሐኪም ያስፈልገዋል።

ስለ ከፍታ አጭር ነገር ልበል። ተረከዝ ጋ ያለው የሶል ውፍረት ከፊቱ በስንት ሚሊሜትር እንደሚበልጥ ጠይቁ፤ ከ0 እስከ 12 ያለው የተለመደ ነው። ትክክለኛ የሚባል ቁጥር የለም። ነገር ግን በ10 ሚሊሜትር ስትሮጡ ኖራችሁ በአንድ ጊዜ ወደ 0 ከወረዳችሁ የባታችሁና የተረከዛችሁ ጅማት ሸክሙን ይቀበላሉ። መቀየር ከፈለጋችሁ ቀስ በቀስ፣ ከአሮጌው ጋር እያፈራረቃችሁ።

ደረጃ 7፦ ክሩ

ተረከዛችሁ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከክር ቀዳዳዎቹ ሁሉ ላይ ሆና፣ ወደ ቁርጭምጭሚት ገባ ብላ ያለችውን ትርፍ ቀዳዳ ተጠቀሙ። ብዙ ሰው ለምን እንደተሠራች ሳያውቅ ባዶዋን ይተዋታል። ክሩን ወደ ተቃራኒው ጎን ሳታሻግሩ፣ በዚያው በኩል ካለችው የመጨረሻ ቀዳዳ ወደ ትርፏ ቀዳዳ ከውጭ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ሙሉ በሙሉ ሳትስቡት ትንሽ ቀለበት ተዉ። በሌላውም ጎን እንዲሁ። አሁን የግራውን ክር በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፉና መጀመሪያ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ላይ ስባችሁ እሰሩ። ቁርጭምጭሚቱ ጥብቅ ይላል፣ ጣቶቹ ግን አይጨነቁም።

የእግር ጀርባ ላይ የሚጫን ነገር ካለ፣ በዚያ ቦታ ላይ ብቻ ክሩን አታጣምሩት፤ በየጎኑ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይለፍ፣ ከዚያ በላይ እንደ ወትሮው ይቀጥል። ፊቱ ለሚጠባችሁ ደግሞ ከታች ያሉትን የመጀመሪያ ቀዳዳዎች ባዶ ትታችሁ ከሁለተኛው ጀምሩ።

ክር ማሰር የሚያስተካክለው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ያልሆነን ጫማ ልክ አያደርገውም።

ሳትሞክሩ ስትገዙ፣ የተለበሰ ስትገዙ

በኢንተርኔት ከሆነ መጀመሪያ መመለስ እንደሚቻል አረጋግጡ። ሁለት ተከታታይ ቁጥር ማዘዝ ከቻላችሁ እዘዙ። ሲመጣ ቤት ውስጥ ንጹሕ ወለል ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ሞክሩ፣ መለያውንም አትቁረጡ። አሁን የሚመቻችሁ ጫማ ካለ ደግሞ ንጣፉን አውጥታችሁ ርዝመቱንና ሰፊ ቦታውን ለኩ፤ ሻጩን የአዲሱን ንጣፍ ልክ መጠየቅ ቁጥር ከመጠየቅ የበለጠ ይነግራችኋል።

የተለበሰ ጫማ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት። ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ በስፖንጁ ላይ ቀርቷል፣ እናንተንም ወደዚያው ይጥላችኋል። የሶሉ ጎን ላይ ብዙ የተጨማደደ መስመር ካለ ስፖንጁ ሞቷል። ላዩ ታጥቦ አዲስ ቢመስልም አትታለሉ።

ከገዛችሁ በኋላ

የተመቸ ጫማም ቢሆን ቀስ ብሎ ይለመዳል። መጀመሪያ አጭር ርቀት፣ ከዚያ እየጨመራችሁ። በአዲስ ጫማ ውድድር አትግቡ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960ው የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው፣ እንደሚነገረው፣ የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነው። ባዶ እግሩን መሮጥ ለምዶ ነበርና ቻለበት፤ ለሌሎቻችን የሚያዋጣው በተለመደ ጫማ መሮጥ ነው።

የሩጫ ጫማ በአብዛኛው ከ500 እስከ 800 ኪሎሜትር ያገለግላል። ከባድ ሰው ላይ፣ ሻካራ መንገድ ላይ ፈጥኖ ያልቃል፤ የግርጌው ጎማ ሳያልቅ በፊት ስፖንጁ ሊደክም ይችላል። የገዛችሁበትን ቀን ከክሩ ሥር ባለው የጫማው ምላስ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ድሮ የማይሰማችሁ የጉልበት ወይም የባት ድካም ከመጣና ሌላ ምክንያት ካጣችሁለት ቀኑን እዩ። ሲረጥብ ንጣፉን አውጥታችሁ በጥላ አድርቁ፣ እሳትና ጠንካራ ፀሐይ ማጣበቂያውን ይለቁታል።

ልጆች ላላችሁ፦ በየሁለትና ሦስት ወሩ የልጁን እግር ለኩ። «ሲያድግ ይበቃዋል» ተብሎ ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ የተገዛለት ልጅ ሲሮጥ ይደናቀፋል። ከፊቱ አንድ ሴንቲሜትር ትርፍ በቂ ነው። ትንሽ ልጅ ጠበበኝ ላይል ይችላል፤ ጫማውን በየአጋጣሚው የሚያወልቅ ከሆነ ግን ንጣፉን አውጡና ልጁን በላዩ አቁሙት።